«የኔን ቆሽት ማን አሳረረው?» — ስለ ልጆቻችን የክትትል ቀን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በጎጃም ለምትገኙ የተከበራችሁ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ የሕጻናት ሕክምና ክፍል ኃላፊዎችና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣

ጉዳዩ፦ የልጆች የክትትል ቀን መቅረቱንና ልጆች ስለ ገዛ ሕመማቸው አለመነገራቸውን ይመለከታል።

እንደምን ሰነበታችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እናትም መምህርትም ሆኜ ነው። ልጄ የስኳር ሕመም የተገኘባት በ6 ዓመቷ ነበር፤ አሁን 10 ዓመቷ ነው። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ሳስተምር ደግሞ 16 ዓመት አልፎኛል። ደብዳቤው የእኔ ብቻ አይደለም። በስኳር፣ በልብና በሚጥል በሽታ ምክንያት ልጆቻችንን በየወሩ ሆስፒታል የምናመላልስ 23 ወላጆችና አሳዳጊዎች ቁጭ ብለን የተነጋገርንበት ነው። አንዳንዶቻችን የከተማ ነዋሪዎች ነን፤ አንዳንዶቻችን ከጮቄ ሥር ከደጋው በሌሊት ተነሥተን፣ አንዳንዶቻችን ከዓባይ በረሃ አፋፍ ሁለት መኪና ቀይረን የምንመጣ ነን። የሆስፒታሉን ስም ያልጠራነው አንድን ቤት ለመክሰስ ስላልተነሣን ነው። በሌላ ከተማ ልጆቻቸውን የሚያሳክሙ ዘመዶቻችንም ተመሳሳይ ነገር ነግረውናል።

የተነሣንበት ምክንያት ይህ ነው። እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ሐሙስ የልጆች ቀን ነበር። ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ አንዲት ሲስተር ልጆቹን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ሰብስባ ለግማሽ ሰዓት ታጫውታቸው ነበር። ጨዋታው ስለ ሕመማቸው ነው። ብርቱካን ታመጣና መርፌውን መጀመሪያ ብርቱካኑ ላይ ታስለምዳቸዋለች። ለትንንሾቹ «የበላችሁት ምግብ ደጅ የቆመ እንግዳ ነው፤ ኢንሱሊን ደግሞ በር ከፋቹ ነው። በር ከፋቹ ከሌለ እንግዳው ስንቁን እንደተሸከመ ውጭ ያድራል፤ ቤተሰቡም ጾሙን ያድራል። የምትደክሙትና የምትከሱት ለዚያ ነው» ትላቸው ነበር። ከፍ ላሉት ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1922 በካናዳ ቶሮንቶ ለታማሚ ሲሰጥ፣ መርፌውን የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ እንደነበረ ነገረቻቸው። ያን ዕለት ልጄ ቤት እስክንደርስ አፏ አልተዘጋም። «ልጅ ነበር እኮ እማ! የመጀመሪያው ሰው ልጅ ነበር!» ትለኛለች። መብራት ለሌላቸው የገጠር ልጆች ደግሞ የመድኃኒቱ ብልቃጥ በረጠበ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ እንዴት ቀዝቅዞ እንደሚቀመጥ በእጃቸው እያሠራች ታሳያቸው ነበር።

መስከረም ላይ ስንመለስ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። የልጆች ክትትል ከዚህ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ከአዋቂዎች ጋር ይሆናል ይላል። ጠባቧ ክፍል የካርድ ማስቀመጫ ሆናለች። ሲስተሯ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች። ለምን ብለን ስንጠይቅ የባለሙያ እጥረትና የክፍል ጥበት እንዳለ ተነገረን። እጥረቱን በዓይናችን የምናየው ስለሆነ አልተከራከርንም። ያንገበገበን ቀጥሎ የመጣው ቃል ነው፦ «ልጅ ምን ያውቃል? ለእናንተ ከነገርናችሁ ይበቃል።»

ልጅ ምን እንደሚያውቅ እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ልጆቻችን ከአዋቂ ሕሙማን ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ እንዲጠብቁ መደረጋቸው ነው። በጥቅምት ወር አንድ ማክሰኞ ልጄ አጠገብ አንድ አባት ተቀምጠው ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ከኪሳቸው ቆሎ ቆንጥረው ሊሰጧት እጃቸውን ዘረጉ። አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም፤ ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈውታል። ልጄ ክራንቹን አየች፤ እግራቸውን አየች፤ ከዚያ «አባባ፣ እርስዎም ስኳር ነው ያለብዎት?» አለቻቸው። «አዎ ልጄ፣ ስኳር ነው» አሏት። ሌላ ነገር አልተባባሉም። ቀኑን ሙሉ ምንም አላለችኝም። ማታ ከተኛች በኋላ ልብሷን ላስተካክልላት ስገባ ጋቢው ሥር ስትንቀሳቀስ አየሁ። ገለጥኩት። የእግሯን ጣቶች አንድ በአንድ እየያዘች ትቆጥራለች። «እማ፣ የኔን መቼ ነው የሚቆርጡት?» አለችኝ።

በሰውየው ላይ የደረሰው ስኳር ለብዙ ዓመታት ከልክ በላይ ሆኖ ሲቆይ የደም ሥርንና ነርቭን ስለሚጎዳ የሚመጣ ነገር ነው። እግር መደንዘዝ ይጀምራል፤ ቁስል ሳይታወቅ ይሰፋል። ልጅ በየቀኑ እየተወጋች፣ እየተመረመረች፣ እግሯን እያየች ብታድግ ይህ እንዳይደርስባት መከላከል ይቻላል። ይህን ለማወቅ ግን በዓይን የማይታይ፣ ቀስ እያለ የሚመጣ ጉዳት ምን እንደሆነ የሚያስረዳት ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው ከሌለ ያየችውን ነገር ከሰማችው ስም ጋር ታጋጥማለች። የእሳቸውም ስም ስኳር፣ የእኔም ስም ስኳር፤ እንግዲህ መጨረሻችንም አንድ ነው ትላለች። የልጄ አእምሮ አልተሳሳተም። በእጁ ባለው ነገር ሠራ።

መምህራን ስንሠለጥን ስለ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ተምረናል። ልጅ አነስተኛ አዋቂ እንዳልሆነ፣ ዓለምን የሚረዳበት የራሱ መንገድ እንዳለው ያስተማረ ሰው ነው። የእሱን ፈለግ ይዘው ሮጀር ቢባስና ሜሪ ዋልሽ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጥናት የ4፣ የ7 እና የ11 ዓመት ልጆችን ሰው እንዴት እንደሚታመም ጠይቀዋል። ከትንንሾቹ መካከል ጉንፋን ከፀሐይ ወይም ከዛፍ ይመጣል ያሉ ነበሩ፤ እንዴት ሲባሉ መልስ የላቸውም። «ምች መታው» ሲባል እየሰማ ባደገ አገር ይህ መልስ ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። በመካከለኛው ዕድሜ ያሉት በሽታ በመንካት፣ በቆሻሻ ወይም መጥፎ ነገር በማድረግ ይመጣል ይላሉ፤ ትንሽ ከፍ ሲሉ ደግሞ በአፍ ወይም በአፍንጫ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ያስባሉ። ወደ 11 ዓመት ሲጠጉ ነው አንዳንዶቹ በሰውነት ውስጥ ሥራውን ያቆመ ክፍል አለ ብለው ማሰብ የሚጀምሩት። ይህን ደረጃ ይዞ «ስለዚህ እስኪያድጉ እንጠብቅ» የሚል ሰው ግን ተሳስቷል። ሱዛን ኬሪ የተባለች የልጆች አስተሳሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳስረዳችው፣ ልጅን ከአዋቂ የሚለየው ዋናው ነገር ስለ ሰውነት ያለው እውቀት ማነስ ነው፤ እውቀት ደግሞ ይሰጣል። እኛም ሐሙስ ሐሙስ ያየነው ይህንኑ ነው። የ8 ዓመት ልጅ ስለ ቆሽቱ ከአባቱ በተሻለ ሲናገር ሰምተናል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ሐኪም ቤት ውስጥ ንግግሩ ሁሉ በልጁ ራስ ላይ የሚያልፍ መሆኑ ነው። አሁን ማክሰኞ ስንገባ ልጁ ወይ ውጭ ጠብቅ ይባላል፣ ወይ አጠገባችን ቆሞ ስለ እሱ እንደ ሌለ ሰው ይወራል። ልጅ ካልተነገረው ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ ራሱ ይፈጥራል። የሚፈጥረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚኮንን ነገር ነው።

የልጄን እንደገና ልንገራችሁ፤ ከዚህ የበለጠ የማውቀው የለኝም። ሕመሟ ከመታወቁ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ለፋሲካ ከተገዛው ስኳር በድብቅ ከጣሳው እየዘገነች ትልስ ነበር። እኔ አላወቅሁም። ከዚያ ክብደቷ ቀነሰ፣ ሌሊት ሌሊት ሽንት አበዛች፣ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ «ስኳር ነው» ተባለ። ለ6 ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ፍርድ የት ይገኛል? ስኳር ሰረቅሁ፤ ስኳር ያዘኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ይህን በሆዷ ይዛ ኖረች፤ የወጣው ሊገድላት ሲል ነው። አንድ ቅዳሜ መርፌ ተወግታ ሳትበላ ዋለችና ስኳሯ ወረደ። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሯ ላብ በላብ ሆኗል፤ ዓይኗ ይንከራተታል። ስኳር በውሃ በጥብጬ አፏ ላይ ሳደርግ ጥርሷን ነከሰች። «አልጠጣም፤ እግዜር ያየኛል!» አለችኝ። ለካ ያልኳትን ሁሉ ትሰማለች፤ ነገር ግን ስኳር መጠጣት ኃጢአቷን መድገም ሆኖባታል። ማር በጣቴ እያጠቀስኩ በድዷ ላይ ቀባሁላት። ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራችና እያለቀሰች የጣሳውን ነገር ነገረችኝ።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ሲስተሯ ይህን ጉዳይ ለልጆቹ ሁሉ አነሣችው፤ የማን እንደሆነ ግን አልተናገረችም። የልጆች ስኳር ስኳር በመብላት እንደማይመጣ፣ ሰውነታችንን ከጀርም የሚጠብቁት ወታደሮች ተሳስተው ኢንሱሊን የሚሠራውን የቆሽት ክፍል ስለሚወጉ እንደሚመጣ፣ ማንም ጥፋተኛ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ «ስኳራችሁ ሲወርድ ስኳር መድኃኒት ነው» ብላ ሦስት ጊዜ አስባለቻቸው። እንግዲህ ምንጣፍ ላይ የሚደረግ የልጆች ጨዋታ የምትሉት ይህን ነበር።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ወሬው ያልቃል ስል ልጄ ሌላ ይዛ መጣች። ቆሽት የሚለው ቃል ለእሷ አዲስ ነበር፤ ለካ ቤታችን ውስጥ በየቀኑ ይነገራል። አንድ ማታ ታላቅ ወንድሟን «ኧረ ቆሽቴን አታሳርረው!» ብዬ ስቆጣ ከጓዳ ብቅ አለችና፣ ፊቷ ተለዋውጦ፣ «የኔን ቆሽት ማን አሳረረው?» አለች። ወንድሟ እኔን ስላስቆጣኝ የኔ ቆሽት አረረ፤ የእሷ ቆሽት ሥራ ያቆመው ማን ምን ቢያደርግ ነው? በዚያ ዕድሜ ንግግር እንደ ተነገረ ይወሰዳል። እኛ አዋቂዎች የሰውነታችንን ክፍል ሁሉ ለንዴት፣ ለፍቅርና ለሐዘን ስንጠቀምበት ልጆች ከጓዳ ሆነው ይሰማሉ። ይህን ጥያቄ እኔ መመለስ አልቻልኩም። ሐሙስን ጠብቄ ወሰድኳት። ዛሬ የሚጠበቅ ሐሙስ የለም።

ሦስተኛው ቅሬታችን አጭር ነው፤ ግን አጥብቀን የምንለው ነው። በሆስፒታል ቅጥር ግቢ ውስጥ ልጅን በመርፌ ማስፈራራት ይቁም። «ዝም ካላልክ ሲስተር ትወጋሃለች» የምንለው መጀመሪያ እኛ ወላጆች ነን፤ ይህን አንክድም። ከጥበቃ ሠራተኛ፣ ከካርድ ክፍል፣ አልፎ አልፎም ነጭ ጋውን ከለበሰ ሰው አፍ ስንሰማው ግን ልጆቻችን በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጉት መድኃኒት ቅጣት መሆኑ በመንግሥት የተረጋገጠ ያህል ይሆናል። ፒያዤ እንደጻፈው ትንንሽ ልጆች ጥፋትና ቅጣት በራሳቸው ጊዜ ይገናኛሉ ብለው ያምናሉ። የ5 ዓመት ልጅ ሲወጋ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚያ ነው። ማስፈራሪያችን ለዚያ እምነት ማስረጃ ያቀብለዋል።

አራተኛው፣ ከፍ ስላሉት ልጆች ነው። ከመካከላችን አንድ አባት የ13 ዓመት ልጅ አላቸው፤ የልብ በር፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሉት፣ ተጎድቶባታል። የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ቀርቶ የሚያስከትለው የልብ በሽታ ነው። በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት አለባት። መርፌው ያማል፤ ቂጥ ያቃጥላል፤ አንካሳ አድርጎ ያውላል። ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ የተነገረው ለአባትየው ነው፤ እሳቸውም በበሬ ጭራ የዋሉ ገበሬ ናቸው፣ የያዙት «በየወሩ ትምጣ» የሚለውን ብቻ ነው። ልጅቷ ምንም አይሰማትም፤ ሮጣ ውሃ ትቀዳለች። «ያልታመምኩትን ለምን እወጋለሁ?» ብላ ተወችው። አራት ወር ቆይታ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ በቃሬዛ መጣች። መርፌው የቆየውን ጉዳት የሚያድን ሳይሆን የጉሮሮው ጀርም ተመልሶ ልቧን እንዳይጎዳ አስቀድሞ የሚጠብቃት መሆኑን አንድ ተረኛ ሐኪም አልጋዋ ላይ ቁጭ ብሎ ነገራት። «ይህን ቀድሞ ማን ከለከለኝ?» አለችው። በ13 ዓመቷ የማይታየውን ነገር ማሰብ ትችላለች። የሚነግራት ነበር የጎደለው።

በተቃራኒው የተነገረው ልጅ ምን እንደሚያደርግም አይተናል። ስኳር ያለበት የ12 ዓመት ልጅ አያቱ ጠበል ሊያስጠምቁት ይዘውት ሲሄዱ «ከዳንክ መርፌው ምን ያደርግልሃል፤ እዚህ ተወው» አሉት። ያለ ኢንሱሊን ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ ተመርዞ ሊሞት እንደሚችል ሐሙስ ተምሯል። «እምዬ፣ ጠበሉንም እጠመቃለሁ፤ መርፌዬንም እወጋለሁ» ብሎ ብልቃጡን በማሰሮው ይዞ ሄደ። እናቱ አብራ አልነበረችም። ራሱን ያዳነው ራሱ ነው። ለወላጅ ብቻ መንገር ይበቃል ለምትሉን ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

አምስተኛው ቅሬታ ትምህርት ቤትን ይመለከታል፤ እኔም ባለቤት የሆንኩበት ነው። ክፍሌ ውስጥ አንድ የ8 ዓመት ልጅ በሚጥል በሽታ ወደቀ። ልጆቹ እየተጯጯሁ ወደ በሩ ሮጡ። አንዱ «ምራቁ ከነካህ ይይዝሃል!» ይላል፤ ሌላዋ ክብሪት ፍለጋ ወጣች፤ ጭሱን ስታሸተው ሲነሣ አይታለች። ከአዋቂ የሰሙት ነው፤ የሚጥል በሽታ ግን በምራቅም በመንካትም አይተላለፍም። እኔም ብሆን ያን ቀን በጎኑ ከማስተኛት በቀር ምን ማድረግ እንዳለብኝ በወጉ አላውቅም ነበር። ከሆስፒታሉ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣ አንድ ቁራጭ ወረቀት የለም። ሐሙስ ሲስተሯን ጠየቅኋትና በእጇ ጽፋ ሰጠችኝ፦ በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ አትያዙት፣ ሰዓት ያዙ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ለክፍሉ አስተማርኩት። በሚቀጥለው ጊዜ ሲወድቅ አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ሹራቡን አውልቆ ከራሱ ሥር አደረገለት፤ አንዷ በእኔ የእጅ ሰዓት ደቂቃ ቆጠረች። ሲነቃ «ሁለት ደቂቃ ከምናምን ብቻ ነው» አለችው፤ እንደ ምሥራች። ሦስተኛ ክፍል ናቸው።

ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ስለሚወስዱ ልጆች የምንለው ጥቂት ነው፤ የማንንም ምሥጢር ማውጣት አንፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሱ ልጆች የራሳቸውን ሁኔታ እንዲያውቁ፣ ከዚያ በታች ላሉትም እንደ ዕድሜያቸው በጥቂት በጥቂቱ እንዲነገራቸው መክሯል። ይህን ሥራ ብቻዋን የምትሠራ አሳዳጊ ከየት ልጀምር ብላ ታለቅሳለች። አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ይመደብላት።

ተኝተው ስለሚታከሙ ልጆችም አንድ ነገር አለ። አጠገባቸው ያለ አልጋ ባዶ ሲሆን ምን ይባላሉ? «ወደ አዲስ አበባ ሄደ» ይባላሉ፤ ወይም ሰዎች በሹክሹክታ «አረፈ» ሲሉ ይሰማሉ። ማሪያ ናጅ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ሃንጋሪ ልጆች ባሳተመችው ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉት ሞትን እንደ እንቅልፍ ወይም እንደ መንገድ እንደሚያዩት፣ የሄደው የሚመለስ እንደሚመስላቸው አሳይታለች። የእኛ ቋንቋ ደግሞ ይህንኑ ያጸናባቸዋል። አያቷ ያረፉባት አንዲት ተማሪዬ እናቷ «ትንሽ ልረፍ» ብላ ጋደም ስትል እሪ ብላ መንደር ሰብስባለች። ትልልቆቹስ? ማይራ ብሉቦንድ-ላንግነር የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ጥናት፣ በደም ካንሰር የሚሠቃዩ ትንንሽ ልጆች ማንም ሳይነግራቸው መሞታቸው እንደማይቀር ያውቁ እንደነበር፣ ወላጆቻቸው እንዳያዝኑ ብለው ግን የማያውቁ ይመስሉ እንደነበር ጽፋለች። ይህን ሳነብ የልጄ ጣት ቆጠራ ትዝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ዝም ያለችው ለእኔ አዝና ነበር።

የሕግ ነገር ካነሣን፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕጻናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጥ መብት እንዳለው ይናገራል። ምን እንደያዘው ያልተነገረው ልጅ ስለ ምኑ ሐሳቡን ይግለጥ?

በእኛም በኩል ጥፋት አለ። ልጅ አይስማ እያልን በር ዘግተን እናወራለን፤ በሽታውን በስሙ አንጠራም፤ ልጆች ሲጠይቁን «ዝም ብለህ ዋጥ» እንላለን። የምናደርገው ከፍቅር ነው፤ ከፍርሃትም ነው። በ23ታችን መካከል ተነጋግረን ይህን ለማረም ቃል ተገባብተናል፤ የሚያግዘን ሰው ግን እንፈልጋለን።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

የልጆች የክትትል ቀን ከአዋቂዎች ተለይቶ ይመለስልን። ሐሙስ ካልተቻለ ሌላ ቀን፣ ሙሉ ቀን ካልተቻለ ግማሽ ቀን ይሁን። ከሐኪሙ በፊት ለልጆቹ የሚሰጠው ግማሽ ሰዓት ግን አይቀነስ። ትንንሾቹና ከ10 ዓመት በላይ ያሉት ለየብቻ ቢሆኑ ይመረጣል፤ የሚሰሙት አንድ አይደለምና። ሲስተሯ ወደ ቦታዋ ትመለስ፤ ካልሆነም በእሷ ሠልጥኖ የሚተካት ይመደብ። ማንኛውም ባለሙያ ከወላጁ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ልጁን በስሙ ጠርቶ ቢያንስ አንድ ነገር ይንገረው፤ «ምን ይመስልሃል፣ ለምን የታመምክ ይመስልሃል?» ብሎም ይጠይቀው። ብዙ የተደበቀ ነገር በዚህ አንድ ጥያቄ ይወጣል። በመርፌ ማስፈራራት ክልክል መሆኑ በየበሩ ይለጠፍ፤ ለእኛም ጭምር። በክትትል ላይ ላለ ተማሪ ሁሉ፣ ወላጁ ከፈቀደ፣ ለትምህርት ቤቱ አንድ ገጽ ይጻፍለት፦ ሲታመም ምን ይደረግ፣ ምን አይደረግ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ከእናቲቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከልጁም ጋር እንዲነጋገሩ በሥራቸው ላይ ይጨምሩልን።

መልሳችሁን እስከ ጥር መጨረሻ እንጠብቃለን። ከመካከላችን አምስት ወላጆች ለውይይት ተመርጠዋል፤ በጠራችሁን ቀን እንገኛለን። የክፍል ጥበት ካለ ዛፍ ሥርም ይሆናል፤ ምንጣፉንና ብርቱካኑን እኛ እናመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የስኳር ሕመም ያለባት ልጅ እናትና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት፣
በሆስፒታል ክትትል ላይ ያሉ ልጆችን 23 ወላጆችና አሳዳጊዎች በመወከል

ጎጃም